በጋቢ ጫፍ ናይሮቢ ደርሶ መልስ

በጋሽ ሸዋንግዛው ለቅሶ ላይ መጀመሪያ የሳቀው ህንዱ ነው። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ሲያለቅስ ቆየ። አንዲት ሴትዮ ብርዱ እንዳይመታው ብላ የጋቢዋን ጫፍ ትከሻው ላይ ጣል ብታደርግለት፣ ጫፉን በሁለት ጣቱ ይዞ አየውና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰዉ የባሰበት መስሎት «አይዞህ፣ አይዞህ» አለው። እኔ ግን ፊቱን አይቼው ነበርና እኔም አመለጠኝ። ከዚያ ሚስቱ ትርሲት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። የዕድሩ ዳኛ በቁጣ ዞር ብለው ሲያዩን ነገሩ እሳቸውም ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ፈጠን ፈጠን እያሉ ወደ ውጭ ወጡ።

ሟቹ ቢያዩን ደስ ይላቸው ነበር። ታሪኩን ለማያውቅ ግን ነውር ነውና ልንገር።

ጋሽ ሸዋንግዛው ደብረ ብርሃን ውስጥ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ዕድሜ ልካቸውን ሠርተዋል። ሥራቸው መዳሰስ ነበር። ያለቀው ብርድ ልብስ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋላቸዋል፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ መዳፋቸውን ከዳር እስከ ዳር ያንሸራትቱና «እዚህ ጋ» ይላሉ። እዚያ ጋ አንዲት ክር ስታለች። እኔ ማሸጊያ ክፍል ስቀጠር ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀርቷቸው ነበር። ግጥም እንደምሞክር ሰምተው አንድ ቀን በምሳ ሰዓት «እስቲ አንዱን አምጣው» አሉኝ። አነበብኩላቸው። ወረቀቱን ተቀበሉኝ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በመዳፋቸው አሻሹት።

«ሦስተኛው መስመር ላይ ክር ስታለች» አሉ።

ቤቴ ገብቼ ሳየው እውነትም ሦስተኛው መስመር ያነክሳል። እስከ ዛሬ አንድ ግጥም ስጨርስ ማንም ሳያየኝ መዳፌን አሻሽበታለሁ። ለእኔ ምንም አይነግረኝም።

ጡረታ ከወጡም በኋላ አመሉ አልለቀቃቸውም። የባጃጅ መቀመጫ ይዳስሳሉ። የሙሽራ ካባ ይዳስሳሉ። ባንክ ቤት ውስጥ ከፊታቸው የተሰለፈውን ሰው ኮት ዳስሰው ሊጣሉ ነበር። «ሰውም ብርድ ልብስም በጀርባው ነው የሚታይ» ይላሉ፤ «ፊቱንማ ማንም አሳምሮ ነው የሚያወጣው።» ከግቢያቸው አንዷን ክፍል ለእኔ፣ ሌላዋን ለቫርጊስ ያከራዩን በዚሁ መንገድ መርምረው ነው።

ቫርጊስ ያ በለቅሶው ላይ የሳቀው ህንድ ነው። ኬረላ ከሚባል ሙቅ አገር የመጣ የሽመና ማሽን ቴክኒሻን። የደብረ ብርሃንን ብርድ በሁለት ካልሲና በሁለት ኮፍያ ነበር የሚመክተው። ስሙ በእነሱ ቋንቋ ጊዮርጊስ ማለት እንደሆነ፣ ቤተ ክርስቲያኑም የእኛዋ እህት እንደሆነች ሲነግራቸው ጋሽ ሸዋንግዛው «ታዲያ በር ላይ ምን ቆመሃል፣ ግባ እንጂ» አሉት። አማርኛውን የተማረው ከማሽን ሠራተኞች ስለነበር ሰውን ሁሉ «አንተ» ነበር የሚለው፤ ቄሱንም፣ የጎረቤታችንን ላምም።

ይህ ሰው ቀለም ክፍል የምትሠራ ትርሲት የምትባል የአንኮበር ልጅ ወደደ። ወደደችውም። መጥቶ ለጋሽ ሸዋንግዛው ሲነግራቸው «ዙር» አሉት። ዞረ። የሹራቡን ጀርባ ከትከሻው እስከ ወገቡ ዳሰሱት።

«ደህና ነው። ሽማግሌ እሆንልሃለሁ» አሉ። «አንኮበር ግን ልጅ በወሬ አይሰጥም። ስለ አንተ የሚናገር ወረቀት ስጠኝ።»

ፓስፖርቱን ሰጣቸው።

ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው አንድ ቀን በጠዋት ሄዱ፤ አመሻሹ ላይ ተመለሱ። እኔና ቫርጊስ በር ላይ ሆነን ስንጠብቅ ጋሽ ሸዋንግዛው ከሚኒባሱ እየሳቁ ወረዱ።

«ሰጡን ማለት ይቻላል» አሉ።

«ማለት ይቻላል ማለት?» አልኩ እኔ።

«ከነገ ወዲያ ከሰዓት ተመለሱ ብለዋል።»

«ፓስፖርቴስ?» አለ ቫርጊስ።

«እሱማ እዚያ ነው። አስይዤህ መጣሁ።»

ቫርጊስ «ማስያዝ» የሚለውን ቃል አያውቀውም ነበር። እኔ ሳስረዳው ሁለቱንም ኮፍያዎቹን አወለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ በማግስቱ ያበቃል። አገር ውስጥ ሆኖ አይታደስም፤ ወጥቶ በአዲስ ቪዛ መግባት አለበት ተብሏል። ስለዚህ በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት በረራ ናይሮቢ ይሄዳል፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጣ ይቀመጣል፣ በዚያው ምሽት ይመለሳል። የአዲሱን ቪዛ ማመልከቻ በስልኬ የሞላሁለት እኔው ነኝ። ሳይወጣ ቀኑ ካለፈበት ቅጣት አለ፤ ምናልባትም ዳግመኛ እንዳይገባ መከልከል አለ። ያኔ ፋብሪካውም ቀረ፣ ትርሲትም ቀረች።

«ምን ነካዎት ጋሼ?» አልኳቸው። «ሰው ፓስፖርት ያስይዛል?»

«ሰውየው ፈርቶ ነዋ።»

የፈሩት የትርሲት አባት አቶ እሸቴ ነበሩ። ምክንያትም ነበራቸው። እትዬ ዘነበች የምትባል እህት አላቸው፤ አብራቸው ነው የምትኖር። በወጣትነቷ ለመንገድ ሥራ የመጣ ፈረንጅ መሐንዲስ ቀለበት አስሮላት፣ «ፈቃዴን አድሼ ልምጣ» ብሏት ሄደ። ሄደ ነው። እና አቶ እሸቴ ለሽማግሌዎቹ «ሃይማኖቱንም አልነቅፍ፣ ቀለሙንም አልነቅፍ፤ እኔ የምፈራው 'ፈቃዴን አድሼ ልምጣ' የምትለዋን ነገር ብቻ ናት» ብለዋቸዋል። ያን ጊዜ ነው ጋሽ ሸዋንግዛው ፓስፖርቱን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው «ይኸው፣ ሰውየው በእጅዎ ነው፤ ያለዚህ የትም አይሄድም» ያሉት። በእርግጥ የትም አይሄድም።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ኮንትራት ሚኒባስ ይዘን ወደ አንኮበር ወጣን። ጭጋጉ መንገዱን ውጦት ሹፌሩ በጎቹን የሚያያቸው ከነኳቸው በኋላ ነበር። ቫርጊስ በሁለቱ እጆቹ የፊተኛውን ወንበር ይዞ በራሱ ቋንቋ ይጸልያል። ጋሽ ሸዋንግዛው ወንበሩን እየዳሰሱ «ስፖንጁ ደህና ነው» ይላሉ።

አቶ እሸቴ ገና ፊታቸውን እየታጠቡ ደረስን።

«ትናንት አስይዘው ዛሬ ሊወስዱ መጡ?» አሉ፣ ውሃው ከጺማቸው እየተንጠባጠበ።

«መጣሁ» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው።

«ለምን ጉዳይ?»

እኔ መንገዱን ሙሉ ውሸት ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት። ሦስት ጥሩ ጥሩ ውሸት ነበረኝ። አንዱን ሳልተነፍስ ጋሽ ሸዋንግዛው አፋቸውን ከፈቱ።

«ፈቃዱን ሊያድስ።»

በዚያ ግቢ መነገር የሌለበት አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነበር። እትዬ ዘነበች ከደጃፉ ላይ ቆማ ስታየን ነበር፤ ከወገቧ ቀና አለች። አቶ እሸቴ ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ጣሉት።

«የት ሄዶ?»

«ናይሮቢ።»

«መቼ ሊመለስ?»

«ዛሬ።»

«ዛሬ ሄዶ ዛሬ?»

«ዛሬ ሄዶ ዛሬ።»

«አንድ ሰው ባሕር ማዶ ሄዶ፣ ምንም ሳይሠራ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ በዚያው ቀን ይመለሳል እያሉኝ ነው?»

«ለእኔም አልገባኝም» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። «ሕጉ ነው ይላል ይኼ ልጅ።»

እኔ ስልኬን አውጥቼ ላሳይ አልኩ። ኔትወርክ የለም። ስልኬን ወደ ሰማይ አንስቼ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ቫርጊስ ሁኔታው እንደከፋ ገብቶት ኖሮ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አንተ አትፍራ፣ እኔ ይመጣል» አላቸው። አልጠቀመም።

«እኔ ዋስ እሆናለሁ» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው።

«ዋስ እዚህ ቁጭ ብሎ ምን ያደርግልኛል? እሱ ቢቀር ልጄን ለእርስዎ ልድር?»

«ማን ቁጭ ይላል? አብሬው እሄዳለሁ።»

ይህን ሲሉ እውነት እላለሁ እኔም የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ አንዱን ጫፍ ይዘው የቫርጊስን ጃኬት ሳቡና በዚፑ ቀለበት አስገብተው ቋጠሩት። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸውን ጫፍ ተቋጥረው ነበር ዳኛ ፊት የሚሄዱት፤ አንዱ ካንዱ እንዳያመልጥ። ቁራኛ ይባላል። እኔ በወሬ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

«እንደ ቁራኛ ነኝ» አሉ። «ከዓይኔ አይጠፋም።»

አቶ እሸቴ ቋጠሮውን ጠጋ ብለው አዩት፤ ጎተት አደረጉት። ወደ ቤት ገቡና የዳዊታቸውን ማኅደር ይዘው ወጡ። ፓስፖርቱ ከመዝሙረ ዳዊቱ ጋር ነበር ያደረው።

«ከዓይንዎ ከጠፋ ልጅ የለኝም። ነገ ከሰዓት ሁለታችሁንም እዚሁ አያለሁ። እጠይቅዎታለሁ።»

«የጠየቁኝን እውነቱን እነግርዎታለሁ» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው።

እትዬ ዘነበች ሚኒባሳችን እስኪዞር ድረስ ከደጃፉ አልገባችም።

ጋሽ ሸዋንግዛው ፓስፖርት ነበራቸው። ከባለቤታቸው ጋር ኢየሩሳሌም ሊሳለሙ አውጥተውት፣ ሚስታቸው ታመው ሲያርፉ ጉዞው ቀርቶ፣ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የኖረ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የሚኒባሱ ሞተር ሳይጠፋ ሮጠው አወጡት። ከሳጥኑ ለጉዞው ያስቀመጡትንም ገንዘብ ጨምረው ይዘው መጡ። «ጋሼ፣ ይህማ የኢየሩሳሌም ነው» ስላቸው «ቅድስቲቱ አገር የትም አትሄድም፤ ይኼ ልጅ ግን ይሄዳል» አሉኝ። ትርሲት በስልክ ትኬቱን ቆረጠች። አዲስ አበባ እስክንደርስ ሁለቱ በጋቢው ተቋጥረው፣ አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላው እየተጎተተ ነበር።

ቦሌ መግቢያው ላይ ተሰናበትኳቸው። ከዚህ በኋላ ያለውን የምጽፈው ቫርጊስ እንደነገረኝ ነው።

ፍተሻው ላይ ቋጠሮውን አስፈቷቸው። ጋሽ ሸዋንግዛው አልፈው ከወዲያ እንደ ወጡ መልሰው ቋጠሩት። ፓስፖርት የምታየዋ ልጅ «አባባ፣ ናይሮቢ ምን ሊሠሩ ነው?» አለቻቸው።

«ልመለስ።»

«እሺ፣ ከመመለስዎ በፊትስ?»

«እቀመጣለሁ።»

ልጅቱ ቀና ብላ ጋቢውን በዓይኗ እየተከተለች ሄዳ ቫርጊስ ላይ ደረሰች። ማኅተሙን መታች።

አውሮፕላኑ ውስጥ ወንበራቸው ለየብቻ ሆነ። ጋሽ ሸዋንግዛው መተላለፊያው ላይ ቆመው «ዋስ ነኝ» አሉ። የሰሙት ኢትዮጵያውያን ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተነስተው ቦታ ለቀቁላቸው። ያልሰሙት ፈረንጆችም ሌላው ሲነሳ አይተው ተነሱ። አስተናጋጇ መጥታ «አባባ፣ ቀበቶዎን ይሰሩ» ብትላቸው ቋጠሮውን አንስተው «ታስሬያለሁ፣ ልጄ» አሏት። ስስ ብርድ ልብስ ስትሰጣቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱት።

«ይኼ ብርድ ልብስ አይደለም» አሉ። «የብርድ ልብስ ፎቶግራፍ ነው።»

አስተናጋጇ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሁለተኛ ጨመረችላቸው። ሁለተኛውንም ዳስሰው «ይኼ ደግሞ የዚያ ፎቶኮፒ» አሏት።

ምሽት ላይ ቦሌ ስጠብቃቸው አውሮፕላኑ አረፈ፣ ሰው ወጣ፣ ሻንጣ ወጣ፣ እነሱ አልወጡም። ውስጥ ቫርጊስ በውጭ ዜጎች መስመር ተሰልፎ፣ ጋሽ ሸዋንግዛውም አብረውት ተሰልፈው ነበር። መኮንኑ «አባባ፣ የኢትዮጵያውያን በዚያ ነው» አላቸው።

«እኔ የእሱ ነኝ» አሉ።

መኮንኑ ፓስፖርቱን አገላበጠ። «ዛሬ ወጥቶ ዛሬ? ናይሮቢ ምን አየ?»

«ምንም። እኔም ምንም አላየሁም። ሁለታችን ነን ምንም ያላየነው።»

መኮንኑ ፓስፖርቱን ይዞ ወደ አለቃው ገባ። ቫርጊስ የዚያን ጊዜ ከአንገቱ የተንጠለጠለውን መስቀል አፉ ውስጥ አድርጎ እንደነበር ነግሮኛል። እኔም ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ የመጣውን ሰው ሁሉ «ህንድና ሽማግሌ አላያችሁም?» እላለሁ። በመጨረሻ መኮንኑ ብቅ አለና ምንም ሳይናገር አዲሱን ማኅተም ጠበቅ አድርጎ መታ። ቫርጊስ ድምፁን ሲሰማ መዝለሉን፣ በመዝለሉም ጋሽ ሸዋንግዛውን ይዟቸው ሊወድቅ እንደነበር ሁለቱም አልካዱም።

ሲወጡ እኔ ነበርኩ የምጮኸው። ቫርጊስ አቅፎኝ ከመሬት አነሳኝ፤ ጋቢው እኔንም ጠለፈኝ። «ፓስፖርቴ ከአገር ወጣህ ይላል፣ አገር ገባህ ይላል፣ በመሃል የት እንደነበርክ ግን አያውቅም» እያሉ ጋሽ ሸዋንግዛው ለታክሲው ሹፌር ያሳያሉ።

«ናይሮቢ እንዴት ነበር ጋሼ?» አልኳቸው።

«ወንበሩ ብረት ነው» አሉ። እና ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ማለት አያውቁም፤ ደክሟቸው ነው አልኩ።

በማግስቱ ከሰዓት አንኮበር ነበርን። ጭጋጉ ተገፎ ገደሉ እስከ ታች ቆላው ድረስ ይታያል። ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ቆመው ቀሩ፤ አባት እሺ ሳይል ሽማግሌ አይቀመጥም፣ የዚያን ቤት ውሃም አይቀምስም። ቫርጊስን ልማዱ ባይፈቅድም አቶ እሸቴ ስላዘዙ ይዘነው ገብተናል። ትርሲት ከጓዳ በር ወዲያ ትሰማለች፤ የጫማዋ ጫፍ ይታያል። እትዬ ዘነበች ምሰሶውን ተደግፋለች።

አቶ እሸቴ ፓስፖርቱን ተቀብለው ማኅተሙን ወደ ብርሃን አድርገው አዩ። ዘጉት።

«ወረቀቱ ደህና ነው» አሉ። «እርስዎን ልጠይቅ። ከዓይንዎ ጠፍቷል ወይስ አልጠፋም?»

ጋሽ ሸዋንግዛው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጠፍቷል።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አይ ሸዋንግዛው» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። የትርሲት የጫማ ጫፍ ተሰወረች።

«ናይሮቢ ላይ ወንበሩ ብረት ነው። በጠዋት ተነስቼ ነበር። እንቅልፍ ጣለኝ» አሉ። «ስነቃ ቋጠሮው ተፈቷል። ሰውየው የለም። ፓስፖርቱም የለም። ጋቢው ከእግሬ እስከ አንገቴ ተደርቦልኛል። ስንት ሰዓት እንደተኛሁ አላውቅም። እዚያ ቁጭ ብዬ ምን ብዬ እንደምነግርዎት ሳስብ ከወዲያ መጣ። ዋስነቴን አልጠበቅሁም። እውነቱ ይኼ ነው።»

አቶ እሸቴ ወደ ቫርጊስ ዞሩ። «የት ሄደህ ነበር?»

«ሻይ ፍለጋ» አለ ቫርጊስ። «አንተ እግሩ በረዶ ነው» አለ፣ ጋሽ ሸዋንግዛውን እያሳየ። «ሻይ ሩቅ ነው። እኔ ሮጠ።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። አቶ እሸቴ ፓስፖርቱን ጉልበታቸው ላይ ቀስ እያሉ ይመቱበታል፤ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ከምሰሶው በኩል ድምፅ መጣ።

«የኔው ሲሄድ» አለች እትዬ ዘነበች፣ «ሁላችንም ነቅተን ነበር። እጃችንን እያውለበለብን ነው የሸኘነው። አንተም እሸቴ፣ እስከ ገደሉ አፋፍ ሸኝተኸዋል።»

አቶ እሸቴ እህታቸውን አዩ። ስለዚያ ሰው ስታወራ ሰምተዋት አያውቁም ነበር፤ ትርሲት ኋላ ነግራኛለች።

«የሚሄድ ሰው ጋቢ አልብሶ ነው የሚሄድ?» አለች። «ጠባቂው ተኝቶለት፣ ወረቀቱ በእጁ፣ እግሩ የተፈታ። ሻይ ይዞ መጣ።»

አቶ እሸቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቫርጊስን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ሁለቱንም ኮፍያዎቹን ጭምር።

«ሻዩስ ተገኘ?»

«ተገኘ» አለ ቫርጊስ። «ግን እኔ እስኪመጣ ቀዘቀዘ።»

እትዬ ዘነበች ናት መጀመሪያ የሳቀችው። ሳቋ እንደ ሳል ጀምሮ ቤቱን ሞላው፤ ከጓዳ የትርሲት ሳቅ ተቀበለው። አቶ እሸቴ አፋቸውን በመዳፋቸው ቢሸፍኑም ጺማቸው ሲንቀጠቀጥ ይታይ ነበር።

«እንግዲያው ለሁሉም ትኩሱን አምጡ» አሉ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች በአንድ ጊዜ ተቀመጡ።